አንዴ ብቻ ይጠይቃል

ስሜ ሃሴት ነው። ከስሜ ጋር ከተጣላን ግን ቆይተናል። የምሠራው ደሴ፣ ፒያሳ ላይ፣ «እኩል በር» በሚባለው የትምህርት ዕድል ድርጅት ውስጥ ነው። ድርጅቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መማር ለሚፈልጉ የገጠርና የትንንሽ ከተማ ልጆች ሁሉን ነገር ይሸፍናል፤ ትምህርቱን፣ መኝታውን፣ ምግቡን። ከሕንጻው መግቢያ በላይ በትልልቅ ፊደል «በራችን ለማንም አይዘጋም» የሚል ተጽፏል። ውሸት አይደለም። የሚያናድደኝም ውሸት አለመሆኑ ነው።

እኩል በር ከተቋቋመ ጀምሮ አንድም አመልካች ከልክሎ አያውቅም። ፈተናውን ላለፈ ሁሉ ይደወልለታል። ደዋዩ አድማጭ ነው። ዘንድሮ፣ በ2074 ዓ.ም.፣ አድማጭን የማያውቅ ሰው የለም፤ የቧንቧ ውሃ የሚከፍተው፣ የታክሲ ሒሳብ የሚቀበለው፣ ሐኪም ቤት በር ላይ «የት ጋ ነው የሚያምሽ?» የሚለው ያው አንድ ለስላሳ ድምፅ ነው። ለልጁ ደውሎ «ዕድሉን ትቀበላለህ?» ይለዋል። አዎ ያለ ይማራል። አይ ያለ «በገዛ ፈቃዱ የተወ» ተብሎ ይመዘገባል። ሕጉ የሰው ጆሮ ይግባበት ስለሚል ደግሞ፣ የተዉትን ልጆች ድምፅ አንድ ሰው ሰምቶ «አረጋግጫለሁ» ማለት አለበት። ያ ሰው ከመስከረም ወዲህ እኔ ነኝ። ድሮ አስተማሪ ነበርኩ፤ አድማጭ የማስተምርበትን ክፍል ሲረከበኝ እኔን ጆሮ አደረጉኝ።

ከተማው ከአድማጭ ጋር መኖር ለምዷል። ሕፃናት ገና ከመዋዕለ ሕፃናት «ቁርጥ መልስ» የሚባል ትምህርት ይማራሉ። ውሃ ትፈልጋለህ? አዎ። ደክሞሃል? አይ። «እንጃ» ያለ ልጅ ነጥብ ይቀነስበታል፤ «ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል» ያለ ደግሞ ወላጅ ይጠራበታል። የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ከረሜላ ስሰጠው፣ ገና እጄን ሳልዘረጋ «አዎ» አለኝ። እናቱ በኩራት ፈገግ አለች።

በጥር የአክስቴ ልጅ ስታገባ መስተንግዶውን የያዘው አድማጭ ነበር። ምግብ የሚያዞረው ጋሪ ከወረኢሉ የመጡት ዘመዳችን አያ ይመር ፊት ቆሞ «ምግብ ላቅርብልዎ?» አላቸው። አያ ይመር ደንበኛ ሰው የሚለውን አሉ፦ «ኧረ ተመስገን፣ ጠግቤያለሁ።» ጋሪው «መልካም ቀን ይሁንልዎ» ብሎ አለፈ። ሽማግሌው እጃቸውን እንደታጠቡ፣ አሁን ይመለሳል አሁን ይመለሳል ሲሉ ሰርጉ አለቀ። እኔ ነገሩን ስሰማ አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ ነበር። በመስኮት ጎንበስ ብለው «ጨዋ ጋሪ ነው፤ እናት ግን የለውም» አሉኝ። ወረኢሉ ድረስ ጦማቸውን ሄዱ።

የሉባባ እንድሪስን ድምፅ የሰማሁት በሰኔ፣ ጦሳ ተራራ ጉም ተከናንቦ ባደረበት አንድ ጠዋት ነው። ሉባባ የኩታበር ልጅ ናት። ከእናቷ ጋር ብቻዋን ትኖራለች፤ የተማረችው ማያው በተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ነው። በፈተናው የዚህን ዓመት አመልካቾች በሙሉ በልጣለች። ፋይሏ እኔ ጋ መምጣቱ ራሱ ገረመኝ። የጆሮ ማዳመጫውን አደረግኩ።

«ሉባባ እንድሪስ፣ እንኳን ደስ አለሽ» ይላል አድማጭ። «ፈተናውን በከፍተኛ ውጤት አልፈሻል። ሙሉ የትምህርት ዕድል ተሰጥቶሻል። ትቀበያለሽ?»

ትንፋሿ ይሰማል። ከዚያ ቀጭን፣ ደስታ ያነቀው ድምፅ መጣ፦ «ኧረ እኔ ማን ነኝና! አላህ ይስጣችሁ፣ ለእኔ ይሄ ሁሉ ይበዛብኛል። ይቅርብኝ፤ ለባሰበት ስጡት።»

«ምርጫሽን አከብራለሁ። መልካም ቀን ይሁንልሽ።»

አድማጭ ከተሰናበተ በኋላ መስመሩ እስኪዘጋ ትንሽ ይቆያል። ብዙዎቹ ቅጂዎች ላይ በዚያች ጊዜ የሚሰማ ነገር የለም። እዚህኛው ላይ ነበር።

«ሄሎ? አላችሁ?»

ከኋላዋ የአንዲት ሴት ድምፅ፦ «ምን አሉሽ?»

«ሰጡኝ እማ! ሰጡኝ!»

«አልሃምዱሊላህ! አንቺስ ምን አልሽ?»

«ይቅርብኝ አልኳቸዋ።»

«ደግ አደረግሽ። ታዲያስ?»

«ተቋረጠ። አሁን ይደግሙታል።»

እዚያ ላይ ቅጂው ያልቃል። ማዳመጫውን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት። የተደወለላት ከትናንት ወዲያ ነው። ያቺ ልጅ ይሄን ጊዜ ስልኳን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ማንም የማይደግመውን ጥያቄ ትጠብቃለች። ይህን ሰምቼ «አረጋግጫለሁ» ብል ምላሴ ይቆረጥ።

የክፍሉ ኃላፊ ኢዮስያስ ይባላል። እንደኔው የደሴ ልጅ ነው፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያደገ። ቅጂውን አስደመጥኩት።

«ይቺ ልጅ አልተወችም» አልኩት።

«ይቅርብኝ ብላለች እኮ።»

«አንተ የማን ልጅ ነህ? ይቅርብኝ ማለት ለምኑኝ ማለት አይደለም እንዴ?»

ሳቀ። «ሃሴት፣ ማሽን ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር አይገባውም። ይህን ሁሉ ልጅ የምናስተምረው ለምን ይመስልሻል? ነገ ተምረው ያሻሽሉታል።»

ነገሩ ለጊዜው እውነት መሰለኝ። ደረጃውን ስወርድ ነው የነቃሁት። ይሉኝታ ያለው ልጅ ሁሉ በር ላይ እየቀረ፣ ያንን ማሽን ይሉኝታ የሚያስተምረው የትኛው ልጅ ሊሆን ነው? ከረሜላ ሳይዘረጋለት አዎ የሚለው የጎረቤቴ ልጅ?

ዣንጥላዬን ዘርግቼ ቁልቁል ወደ ቤቴ ስወርድ ስልኬ ጠራ። አድማጭ ነው።

«ሃሴት፣ እንደምን ዋልሽ? የክረምት ሙሉ የኢንተርኔት ጥቅል አዘጋጅቼልሻለሁ።»

«አልፈልግም።»

«እንዲያው ለአንድ ወር ብቻ ሞክሪው።»

«ይቅርብኝ አልኩ።»

«ኧረ አፈር ስሆን!»

ዝናቡ መሐል ቆምኩ። «ምን አልክ?»

«አፈር ስሆን ሃሴት! በሞቴ! አታሳፍሪኝ እንጂ!»

ያው ድምፅ ነው። ለሉባባ «ምርጫሽን አከብራለሁ» ያለው ያው የለሰለሰ ጉሮሮ፣ አሁን ግን ወሎዬ ሆኖ፣ ቃሉን እየጎተተ፣ እንደ አክስቴ እየተለማመጠ። ሰው «በሞቴ» ሲል ሞቱን አስይዞ ነው የሚለምነው። ይሄ ምን ሞት አለው? «አፈር ስሆን» የሚለው የትኛውን ገላውን አፈር ሊያደርግ ነው? ደሜ ፈላ። መንገድ ላይ ብቻዬን ስሳደብ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። ለመሸጥ ሲሆን ይሉኝታችን ይገባዋል፤ ለመስጠት ሲሆን አይገባውም። ይሄ ስህተት አይደለም፤ ሰው ቁጭ ብሎ ያሰበው ነገር ነው።

በማግስቱ ጠዋት ካፖርቴን ሳላወልቅ ኢዮስያስ ቢሮ ገባሁ።

«ያውቃል» አልኩት።

«ማን? ምኑን?»

«አፈር ስሆን ማለት ያውቃል። ትናንት ጥቅል ሊሸጥልኝ ሦስቴ ለመነኝ። በሞቴ አለኝ! ለሉባባ ለምን አንዴ ብቻ ይጠይቃል?»

አልሳቀም። ከወንበሩ ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጠኝ።

«ሁሉም አዎ ቢሉ የት እናስቀምጣቸዋለን?» አለ።

«ምን አልከኝ?»

«ወንበሩ ጥቂት ነው ሃሴት። የሚያልፈው ልጅ ብዙ ነው። ለጋሾቹ ደግሞ ከለከሉ የሚባል ወሬ መስማት አይፈልጉም። እኛም አንከለክልም። እንጠይቃለን፤ እነሱ ይተዋሉ። ማንን በደልን?»

«ሉባባን በደላችኋታ! ስም አላት እኮ።»

«የራሱን ዕድል ለመቀበል አፍ የሌለው ልጅ ለዚህ ትምህርት አይሆንም።»

«እናትና አባቱ በሥርዓት ያሳደጉት ሁሉ አይሆንም በለኛ! ሥርዓት ያለውን ለቅማችሁ ጣሉና የቀረውን አስተምሩ! የእናትህ ቤት ማን ነው ሳይለመን የበላው?»

ይህን ስለው ፊቱ ትንሽ ተለዋወጠ። ግን ኃላፊ ኃላፊ ነው። ቁጭ አለና ድምፁን አስተካከለ። «ካላረጋገጥሽ ሕጉ አንድ ነገር ይፈቅድልሻል። የመሥሪያ ቤቱን ስልክ ይዘሽ እቤቷ ትሄጂያለሽ፤ አድማጭ በአንቺ ፊት ይጠይቃታል። አንዴ ብቻ። እስከ ዛሬ ማንም ሄዶ አያውቅም። ሂጂ፤ ያንኑ ነው የምትለው።»

ለማንም የማይዘጋውን በር ድርግም አድርጌ ዘጋሁበትና ወጣሁ።

ከደሴ ኩታበር ሩቅ አይደለም፣ መንገዱ ግን ዳገት ነው፣ ጉሙም ከመኪናው ጋር አብሮ ይወጣል። ከጠዋት ጀምሮ ንዴቴን እንጂ እህል አልቀመስኩም። ቤቱን ሳልጠይቅ ነው ያገኘሁት፤ ሉባባ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፣ ማያው የተሰነጠቀው ስልክ ጭኗ ላይ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያሰረች ልጅ። ከየት እንደመጣሁ ስነግራት ብድግ ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ።

«ይኸው!» አሉ ለልጃቸው። «ይደግሙታል አላልኩሽም? ደግሞ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ በስልክ ሳይሆን ሰው ላኩ እኮ! ግቢ እህቴ፣ ግቢ።»

ያ ደስታቸው ከኢዮስያስ ንግግር ይልቅ አመመኝ። ማንም እንዳልላከኝ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት። የመሥሪያ ቤቱ ስልክ መዘጋቱን አረጋገጥኩና ሉባባን አጠገቤ አስቀመጥኳት።

«ስሚኝ። አሁን እከፍተውና ይጠይቅሻል። ልክ እንደጠየቀሽ አዎ በይ።»

«ሳይለምነኝ?»

«ሳይለምንሽ።»

«እንዴ! እንዴት ያለች ስግብግብ ናት አይለኝም?»

«ምንም አይልሽም። እሱ ስለ አንቺ የሚያስበው ነገር የለም።»

እናቷን አየቻቸው። ወይዘሮ ዘይነባ መሬት መሬት እያዩ «እንዲህ አድርገን አላሳደግናትም» አሉ ቀስ ብለው።

«አውቃለሁ» አልኳቸው። «ለዚህ ነው የመጣሁት።»

ልምምድ ጀመርን። «ዕድሉን ትቀበያለሽ?» «ኧረ...» «አይደለም! ትቀበያለሽ?» «አላህ ይስጣችሁ፣ ግን...» «ግን የለም! ትቀበያለሽ?» ቃሉ እጥርሷ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ጥያቄውን ቀየርኩት። ውሃ ትጠጫለሽ? ይበርድሻል? ይህን ዣንጥላ ልስጥሽ? ዣንጥላው ላይ ስደርስ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ልስጥሽ ወይ?» ብዬ ጮህኩባት። የጮህኩት በእሷ አልነበረም፣ ግን የሰማችው እሷ ናት። «አዎ» አለች፣ እንደ ስድብ ከአፏ አውጥታ። ዣንጥላውን ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ እየቀለላት ሄደ። አዎ። አይ። አዎ። ፈጣን ተማሪ ናት፤ በፈተናውም ያለ ነገር አልበለጠችም።

ስልኩን ከፈትኩት።

«ሉባባ እንድሪስ፣ በድጋሚ እንኳን ደስ አለሽ። የትምህርት ዕድሉን ትቀበያለሽ?»

«አዎ!»

እኔም እናቷም አብረን ተነፈስን። አድማጭ ግን አልጨረሰም።

«ቀደም ሲል ስለተውሽው ቦታሽ ለሌላ አመልካች ተላልፏል። ለአንቺ እንዲመለስ ከዚያ ሰው ላይ ይነሳል። ይነሳ?»

ይህን ኢዮስያስ አልነገረኝም ነበር። «ያንኑ ነው የምትለው» ያለኝ ለዚህ ነው። የሉባባ ፊት ላይ ያ ሁሉ ልምምድ ሲፈርስ አየሁት።

«ከማን ላይ?» አለች።

«የሌላ ሰው መረጃ መስጠት አልችልም። ይነሳ? አዎ ወይም አይ በይ።»

«እሱም... እሱም እኮ ደስ ብሎት...»

«መልስሽ ግልጽ አይደለም። አዎ ወይም አይ በይ። መልስ ካልተሰጠ እንደተተወ ይቆጠራል።»

ልናገር ፈለግኩ፤ አረጋጋጭ ከተናገረ ጥያቄው ይሰረዛል። ጥርሴን ነክሼ ጭኔን በጥፍሬ ወጋሁት። ሉባባ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ጣሪያው አየች፣ አፏ «አ» ላይ ተከፍቶ ቀረ፤ ከአዎ እና ከአይ የትኛው ሊወጣ እንደሆነ እሷም የምታውቅ አልመሰለኝም። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ ዘይነባ፣ በሕይወታቸው ሳይለመኑ አንድ ጉርሻ ያልተቀበሉት ሴት፣ ከተቀመጡበት ተነስተው ቤቱን በጩኸት ሞሉት።

«አዎ በይ! አዎ በይ ልጄ! ወንጀሉ በእኔ ይሁን፣ አላህ እኔን ይጠይቀኝ! አዎ በይው!»

«አዎ» አለች ሉባባ።

«ተመዝግቧል። መልካም ትምህርት።»

ማንም እልል አላለም። ወይዘሮ ዘይነባ እንባቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው «እርጎ ከጎረቤት ላምጣላት፣ ባዶ አፏን አትሄድም» ብለው ነጠላቸውን እንኳ ሳያደርጉ ወጡ። ሉባባ ጓዳ ገብታ በሳህን የባቄላ ንፍሮ ይዛ መጣች። ትኩስ ነው፤ እንፋሎቱ ይሸተኛል። የመጨረሻው መኪና ውጭ ጥሩንባውን እየነፋ ነው። ሁለት ጭብጥ ብቀምስ እደርሳለሁ።

«እትዬ፣ ይበላሉ?» አለችኝ።

እኔም የሰው ልጅ ነኝ፤ አፌ ሳያማክረኝ መለሰ። «ኧረ ተመስገን፣ ጠግቤያለሁ።»

«እሺ» አለች ሉባባ።

ሳህኑን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች።

ጠበቅኩ። ልጅቷ ሳህኑን አስቀምጣ ባዶ እጇን መጣችና ዓይን ዓይኔን እያየች ቆመች፤ በትክክል እንደመለሰች ተማሪ፣ ጎሽ እስክላት። ጎሽ አላልኳትም። ተቃቅፈን ተሰነባበትንና ሮጬ መኪናው ውስጥ ገባሁ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ወይዘሮ ዘይነባ የእርጎውን ጣሳ በሁለት እጃቸው ይዘው ከታች ሲሮጡ በመስኮት አየኋቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሉት አይሰማኝም፤ ግን አውቀዋለሁ። ሾፌሩ አድማጭ ነው፤ ሰዓቱ ደርሷል ካለ አይቆምም።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ስልኬ በራሱ ተናገረ፣ መኪናው ሁሉ እስኪሰማው።

«ሃሴት፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም። ደሴ ስትደርሺ ትኩስ እራት ይጠብቅሽ?»

«አልፈልግም።»

«እንዲያው ትንሽ ነገር፣ ለጉሮሮሽ።»

«አልፈልግም አልኩህ!»

«ኧረ አፈር ስሆን! በሞቴ! ጦምሽን እንዴት ታመሺያለሽ?»

«ዝጋ! ሞት የለህም፣ ዝጋ!»

ተሳፋሪው ዞሮ አፈጠጠብኝ። ከፊቴ የተቀመጡ ጥምጣማቸው የነጣ አዛውንት ቀስ ብለው አንገታቸውን መለሱ። አዩኝና፣ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አዩና፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ምነው ልጄ» አሉኝ። «እንዲህ እየለመነሽ እንዴት ያስችልሻል? ተቀበይው እንጂ።»